እሳት የነካው ጠበል

ሥራዬ ውኃ መመርመር ነው። እንጅባራ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የየቀበሌውን ምንጭና ጉድጓድ በጠርሙስ እየተቀበልኩ «ለመጠጥ ይሆናል»፣ «አይሆንም» ብዬ ፈርሜያለሁ። ስፈርም ሰው ሲከራከረኝ አልወድም። አፌም አይቻልም፤ እኔን ፀደይን የሚያውቅ ሁሉ ይመሰክራል። እንግዲህ ይህን የምነግራችሁ ራሴን ላሳምር ብዬ እንዳልሆነ እወቁልኝ።

እናቴ ልክየለሽ ባለፈው ጥቅምት ጉበቷን ታመመች። ባሕር ዳር ወሰድኳት፤ ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ ቢበዛ ሁለት ወር ነው አለኝ። አልነገርኳትም፤ እሷም አልጠየቀችኝም። ቤት ስንገባ የለመነችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከግምጃ ቤት ከተማ ወዲያ፣ የተወለደችበት መንደር ያለውን የማርያም ጠበል።

«ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዴ ልጠጣው። ሌላ ምንም አልፈልግም» አለችኝ።

እናቴ የቧንቧችንን ውኃ በአማርኛ ነበር የምትጠራው፤ የዚያን ምንጭ ውኃ ግን ሁልጊዜ በአዊኛ። «እማዬ፣ ትርጉሙ እኮ አንድ ነው» ብዬ ስቀልድባት፣ «አንድ የሆነው ለአንቺ ነው» ትለኝ ነበር። ክርስትና ስትነሳ የተጠመቀችበት ውኃ ነው። እኔን ስታምጥም ሆዷ ላይ የረጩላት እሱኑ ነው።

አጎቴ አያ ዋኘው በየሳምንቱ ሐሙስ በፈረሳቸው ጭነው ሊያመጡልን ተስማሙ። የመጀመሪያውን ጀሪካን ሲያወርዱ፣ «አደራ ልጄ፣ እሳት እንዳይነካው» አሉኝ። ጠበል አይፈላም፤ በእኛ አገር ይህን የማያውቅ የለም። እሺ አልኳቸው። እሳቸው ገብተው እናቴን በአዊኛ ሲያጫውቷት እኔ ጓሮ ሆኜ ናሙና ወሰድኩ። ምን ላድርግ፣ የለመደ እጅ ነው።

በማግስቱ ናሙናውን ያሳደርኩበትን የምርመራ ሳህን ስከፍተው በጀርም ነጠብጣብ ተሞልቷል። ዓይነ ምድር የገባበት ውኃ ነው። ከምንጩ በላይ ዳገቱ ላይ አዳዲስ መጸዳጃ ቤቶች ተቆፍረዋል፤ ከብቱም እዚያው ይጠጣል። ማርያም ምን አጠፋች፣ ያበላሸነው እኛ ነን። ለቀበሌው ያንኑ ቀን ደብዳቤ ጻፍኩ። ለእናቴ ግን ያ የማይቻለው አፌ እምቢ አለኝ። እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርጋት ጠብቄ ጠበሉን በትልቁ ድስት አፈላሁትና አቀዝቅዤ ወደ ጀሪካኑ መለስኩት።

ጠዋት በኩባያ ሰጠኋት። አንድ ጊዜ ተጎነጨች፤ አፏ ውስጥ ትንሽ አቆየችው።

«አስቀምጪልኝ፣ ቀስ እያልኩ እጠጣዋለሁ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ እንዲሁ ሆነ። ኩባያውን አጠገቧ አኑሬ ወደ ሥራ እሄዳለሁ፤ ስመለስ ባዶ ነው። ባዶውን ኩባያ ሳጥብ ደስ ይለኝ ነበር፤ እናቴን ከተቅማጥ፣ እምነቷንም ከእኔ ያዳንኩ መስሎኝ። እንዲህ ያለ ጅልነት የት ይገኛል።

በሰባተኛው ሳምንት አልጋ ላይ ቀና ማለት አቃታት። «ፀደይ፣ አንድ ቀን እንኳ አንቺው ሄደሽ ቅጂልኝ። ከምንጩ እንደወጣ አምጪልኝ» አለችኝ።

በማግስቱ ማለዳ እስከ ግምጃ ቤት በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግሬ ሄድኩ። ጎንበስ ብዬ ቀዳሁ። በመንገዴ ሁሉ ልቤ ሁለት ሆኖ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስደርስ ግን እግሬ በጓሮ በኩል ወጥ ቤት አስገባኝ። አፈላሁት። ሐኪሙ የሰጠን ሁለት ወር ሊያልቅ ቀናት ቀርተውታል፤ እኔ ግን አሁንም «ለመጠጥ አይሆንም» እላለሁ።

ሲቀዘቅዝ ይዤላት ገባሁ። ከንፈሯን አስነካች። ዓይኗን አንስታ አየችኝና ኩባያውን ቀስ አድርጋ መለሰችልኝ።

«ደክመሻል ልጄ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች።

በሦስተኛው ቀን አረፈች።

ለቅሶው ሲቀዘቅዝ ጎረቤታችን እህተማርያም ብቻዬን አገኘችኝ። እኔ ሥራ ስውል እናቴ ዘንድ የምትውለው እሷ ነበረች።

«በሆዴ ይዤው መኖር አልችልም» አለችኝ። «በየጠዋቱ ኩባያውን የምደፋው እኔ ነበርኩ። ‹እሳት ነክቶታል፣ ግን ጠበል ነበረና ሰው የማይረግጠው ቦታ ድፊልኝ› ትለኛለች፤ ከጓሮው የጽድ ዛፍ ሥር እደፋዋለሁ። ‹ለፀደይ ልንገራት› ስላት፣ ‹ተያት፣ ፈርታልኝ ነው› አለችኝ።»

ውኃ ሲፈላ ውስጡ የሟሟው አየር ይወጣል፤ ጣዕሙም ይለወጣል። ይህን ተምሬ ፈተና ተፈትኜበታለሁ። እናቴ በምላሷ ታውቀው ነበር።

«ያን ራሴ የቀዳሁ ቀንስ?» አልኳት።

እህተማርያም ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

«ያን ቀንማ ደስ ብሏት ዋለች። ‹ዛሬ ራሷ ናት የሄደችው፣ ዛሬ እውነተኛውን ታመጣልኛለች› ብላ በባዶ ሆዷ ልትጠጣው ጠበቀችሽ። ከንፈሯ ደርቆ ሲሰነጠቅ የቧንቧውን ውኃ ባቀርብላት እንኳ እምቢ አለችኝ።»

ከማለዳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብቃኛለች። እኔ ደግሞ ፈልቶ እስኪቀዘቅዝ ብዬ አንድ ሰዓት ጨመርኩባት።