የተነጠቀው ሥራ አስኪያጅ

«ከእሱ ጎንማ አልቀመጥም!» አሉ ጋሽ ብሩሽ፣ ድምፃቸውን ዝቅ ለማድረግ እንኳ ሳይሞክሩ።

ልጅቷ የቡናውን ትሪ እንደያዘች በሩ ላይ ቀጥ አለች። አባቷ ከተቀበረ ወዲህ ለቀስተኛ ከቤቱ አልጠፋም፤ አሁን የቀረው ቦታ ከወጣቱ ባለሀብት አጠገብ ያለው ብቻ ነው። ሁለቱም የቀለም ፋብሪካ ባለቤቶች ናቸው። አባቷ ጋሽ ብሩሽ ዘንድ በምርት ሥራ አስኪያጅነት ፀጉሩን ካሸበተ በኋላ ነበር ወጣቱ አባብሎ ወደ ራሱ ፋብሪካ የወሰደው።

ያኔ ጋሽ ብሩሽ «የጓዳዬን ምስጢር ይዞብኝ ሄደ» ብለው ላገኙት ሁሉ አወሩ። የወጣቱ ቀለም ዝናብ የማይልጠው ሲሆን ደግሞ ሐሜቱ እውነት መሰለ። አባቷ አንድም ቀን መልስ አልሰጠም። ራት ላይ ስትጨቀጭቀው «ተያቸው ልጄ፣ የተናደደ ሰው ጆሮ የለውም» ብሎ ይስቅ ነበር።

«ጋሼ፣ ለእኔ ሲሉ ይቀመጡ» አለች።

ተቀመጡ፤ ፊታቸውን ግን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ወጣቱ ስኒውን አስቀመጠ። «አባቷ እኔ ዘንድ በመጡ ቀን የእርስዎን የቀለም ቅመማ ጠየቅኳቸው። ‹የቀጠርከው እኔን ነው፤ የሰውየውን ጓዳ አይደለም› አሉኝ።»

«ታዲያ ያ ቀለም ከየት መጣ?»

«ከሀ ጀምረን ነዋ! ስንቱን በርሜል ደፋን መሰለዎት! ‹ይሄስ አማረ› ስላቸው፣ ‹የጋሽ ብሩሽን ይመስላል፣ ድፋው› ይሉኛል። ኪሳራ ነጥቄ ያመጣሁ መስሎኝ ነበር።»

የሽማግሌው ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ልጅቷ ያለቀሱ መስሏት ደነገጠች፤ ሳቅ ኖሯል።

«ያ ግትር! እኔም እኮ እሱን ፈርቼ ነው ማሽኑን የቀየርኩት፣ ለሠራተኛው ደመወዝ የጨመርኩት። ባይሄድብኝ ኖሮ እስከ ዛሬ እንደተኛሁ ነበርኩ።»

«እኔም እርስዎን ፈርቼ ነው ዋጋ ያልቆለልኩት።»

«ለካ ቤታችን ያማረው በእናንተ ጠብ ነው!» አለች ከለቀስተኞቹ መካከል አንዲት ጎረቤት፤ ቤቱ ሳቀ። ልጅቷም ሳቀች። የአባቷ ስም ከሐሜቱ ነጽቶላት፣ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሿ ሙሉ ሆነ።

ሊሄዱ ሲሉ ወጣቱ ክንዱን ዘረጋ፤ ጋሽ ብሩሽ ተደገፉት። ልጅቷ እስከ በር ሸኘቻቸው።

«ጋሼ፣ ኮሌታዎ ታጥፏል።»

በየማለዳው ለአባቷ ታደርግ እንደነበረው በሁለት እጇ አስተካከለችላቸው። እጇን ግን ቶሎ አላነሳችም። ሽማግሌውም አልቸኮሉም።