ጣውላው የሚዞርባት ሜትር

ቀያሹ ሜትሩን ለሦስተኛ ጊዜ ዘርግቶ ካርታውን እንደገና አየ።

"ግድግዳሽ አልፏል" አላት አናጺዋን። "አንድ ሜትር ሙሉ የጎረቤትሽ ነው።"

መጋዙን አጥፍታ ያለውን አስደገመችው። አባቷ ከሞተ አምስት ወሩ ነበር፤ ቀያሽ ያስመጣችው ወርክሾፑን በስሟ ለማዞር ብቻ ነው። ሟቹ ዕድሜውን ሙሉ "በገዛ መሬቴ፣ በገዛ እጄ፤ የማንም ደጅ አልጠናሁም" ሲል የኖረ ሰው ነው። ኪራይ አልከፈለም፣ ቀጣሪ አላየም። እሷንም በዚያው ኩራት አሳደጋት። ያቺ ሜትር ከሄደች ግን የአራት ሜትር ጣውላ መጋዙ ላይ ማዞር አይቻልም። ጣውላ የሚዞርበት ቦታ የሌለው አናጺ ደግሞ ተቀጥሮ የሰው በር ሲሰቅል ይውላል።

ጎረቤትየዋ ልብስ ሰፊ መርፌዋን ደረቷ ላይ እንደሰካች መጣች። ቀያሹ ጉዳዩን ሲነግራት አልደነቃትም።

"አውቃለሁ" አለች። "እኔ ነኝ የሰጠሁት።"

ወርክሾፑ ሲሠራ አባትየው ጣውላውን ወዲያ ቢለው ወዲህ ቢለው አልዞር እንዳለው፣ በማግስቱ ጠዋት በሯ ላይ አንገቱን ደፍቶ አንድ ሜትር እንድትለቅለት እንዳስቸገራት፣ ወረቀት የሚባል ነገር በመካከላቸው እንዳልነበረ አወራቻቸው።

"አባትሽ ኩራትስ ተርፎት ነበር። የጎደለው አንድ ሜትር ነው።"

"ታዲያ እማማ፣ የማንም ደጅ አልጠናሁም እያለ ሲፎክር ዝም አሉት?"

"ደጄን መች ጠናው? አንዴ አንኳኳ፣ ወዲያው ከፈትኩለት።"

አናጺዋ ያ የልብስ ሰፊዋ በር ትዝ አላት። ክረምት በመጣ ቁጥር እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፤ አባቷ መላጊያውን ይዞ ይሄዳል፤ አምስት ሳንቲም ተቀብሎ አያውቅም። ባለፈው ክረምት መቆም ሲያቅተው ወንበር አስወጥቶ በሩ ሥር ተቀመጠና "ከታች ጀምሪ፣ አትቸኩዪ" እያለ እሷን አስላጋት። ለበር ይህን ያህል መጨነቁ ያን ቀን አስቋት ነበር። ለካ አባቷ ብቻውን አልቆመም ኖሯል። ይህን ማወቋ የሚያሳፍራት መስሏት ነበር፤ ግን ደረቷን አሞቀው።

"የድንበሩን ምልክት ግድግዳው ላይ አድርገው፣ ልጄ" አለችው ልብስ ሰፊዋ ቀያሹን። "እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሜትር ምን ያደርግልኛል?"

ቀያሹ አናጺዋን አያት።

"አይሆንም፤ በካርታው ልክ ይሁን" አለች።

ጠመኔ አነሳችና ወለሉን ከዳር እስከ ዳር አሰመረችው። መስመሩ ከመጋዙ ጀርባ አለፈ። ከዚያ የጀመረችውን ጣውላ ተሸክማ አዞረችው፤ ጫፉ ጠመኔው ላይ ሲደርስ ቆመች።

"እማማ፣ ልለፍ?"

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

"እለፊ፣ የኔ ልጅ።"