ያነሳው ይሸከመዋል

በዚያ መሥሪያ ቤት ያልተጻፈ ሕግ ነበር፤ አንድን ጉዳይ ያነሳ ሰው እሱው ይሸከመዋል። ስለዚህ ማንም ምንም አያነሳም። ማተሚያው ወረቀት ሲያኝክ ሁሉም አይቶ እንዳላየ ያልፋል። መስኮቱ አልዘጋ ብሎ ቀኑን ሙሉ ሲንኳኳ ስድስቱ ፕሮግራመሮች ካፖርታቸውን ደርበው ይሠራሉ። አለቃቸው ክፉ ሰው አይደለም፤ ብቻ ለሁሉም ነገር መልሱ «ቆይ፣ ይደርሳል» ስለሆነ በሌለበት «አቶ ቆይ» ይሉታል።

ሥራቸው የኩላሊት እጥበት ማዕከሎች ታካሚ የሚጠሩበትን ፕሮግራም መንከባከብ ነው። ፕሮግራሙ የተጻፈበት የኮምፒውተር ቋንቋ አዲስ ቨርዥን ካወጣ ዓመታት አልፈዋል። አዲሱ ጠባዩን ስለለወጠ ለአሮጌው የተጻፈው ሁሉ መስመር በመስመር መታየት አለበት። መጀመሪያ «ገና ጥሬ ነው፣ ሌላው ይቅመሰው» ተባለ። ቀጥሎ «አሁን ሥራ በዝቷል» ተባለ። በመጨረሻ የቋንቋው ባለቤቶች አሮጌውን መጠገን የሚያቆሙበትን ቀን ቆረጡ፤ ከዚያ ወዲያ ቀዳዳ ቢገኝበት ደፋኝ የለውም። ስድስቱም አንብበውታል፤ ስድስቱም ዝም አሉ።

ያነሳችው በዕድሜ ትልቋ ናት። ጀግንነት አምሯት አይደለም። ታናሽ ወንድሟ ከእነዚያ ማዕከሎች በአንዱ በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ይሄዳል፤ ፕሮግራሙ ቆመ ማለት የእሱ ተራ ጠፋ ማለት ነው። በስብሰባ ላይ «ቀኑ እኮ እየደረሰ ነው» ስትል ሁሉም ዓይኑን ወደ ጠረጴዛው ጣለ። አቶ ቆይም በእርጋታ «ጎሽ፣ እንግዲህ አንቺው ያዢዋ» አላት።

ያዘችው። የዘወትር ሥራዋን ማንም አልቀነሰላትምና አዲሱን በተረፋት ጊዜ ሠራችው፤ የተረፋት ጊዜ ደግሞ ምሳዋና እሑዷ ነበር። የጻፈችውን የሚያይላት ሰው አልነበረም፤ ያየ ሰው ተሸካሚ ሊሆን ነዋ። ወራት ከፈጀባት በኋላ ማዕከሎቹን ወደ አዲሱ ቨርዥን አሻገረቻቸው። ማንም ምንም አላለም። በዚህ ሙያ ከዝምታ የበለጠ ምስጋና ስለሌለ ደስ አላት።

በሳምንቱ ወንድሟ ከእጥበት ተመልሶ ሶፋው ላይ ተቀመጠና ጫማው አልወልቅ አለው።

«እግርህ ምን ሆነ?»

«ውሃው ሳይወጣልኝ ቀርቶ ነዋ፣ እትዬ። ሰሞኑን ሳልጨርስ ነው የሚነቅሉኝ።»

«ለምን?»

«እኔ ሳልነሳ ሌላ ሰው ይጠራል። ነርሷ ምን ታድርግ? ሰውዬው ኮምፒውተሩ ጠርቶት በሩ ላይ ቆሟል። ዛሬ አንድ ሰዓት አጎደሉብኝ።»

እንደቆመች ላፕቶፑን ከፈተች። አንድ አልጋ በቀን ስንት ሰው እንደሚችል የምታሰላ መስመር ነበረች፤ የቀኑን ሰዓት ለአንድ ሰው በሚበቃው ሰዓት ታካፍላለች። ውጤቱ ሦስት ተኩል ሲሆን አሮጌው ቨርዥን ተኩሉን ጥሎ ሦስት ይላል። አዲሱ ተኩሉን አይጥልም፤ ፕሮግራሙም ለተኩሉ አንድ ሙሉ ሰው ይጠራል። ይህን ለውጥ ጀማሪም ያውቀዋል፣ እሷም ሌላ ቦታ ሁሉ አስተካክላዋለች። ይህችን ግን በደከመ ዓይን አይታ አልፋታለች።

«እኔ ነኝ ያጎደልኩብህ» አለችው።

አፈረች። እግራቸው ያበጠባቸውን፣ የማታውቃቸውን ሰዎች አሰበችና ፈራች። ማዕከሎቹን በሙሉ ወደ አሮጌው ቨርዥን መለሰች፤ ለእያንዳንዳቸውም ደውላ ሰዓት የጎደለባቸው ሁሉ ተመልሰው እንዲጠሩ ለመነች።

ወንድሟ ሲያዳምጥ ቆይቶ «ካንቺ በኋላ ማን ያየዋል?» አላት።

«ማንም።»

«እኛ ጋ እኮ አንዷ ነርስ መርፌውን ስትሰካ ሌላዋ ቆማ ታያለች። ነርሷ ብቻዋን ከሆነች ብለምናትም አትነካኝም» አለና ጫማውን እንድትስብለት እግሩን ዘረጋ።

ጠዋት በስብሰባው ላይ የሆነውን ሁሉ ተናገረች። አቶ ቆይ ራሱን ነቀነቀ። «ያጋጥማል። በይ አስተካክለሽ እንደገና ሞክሪዋ።»

«አልሞክርም» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ አቅሙም አልነበራትም። «ቀኑ መድረሱ አይቀርም፣ መሻገራችንም አይቀርም። ግን አጠገቤ ተቀምጦ የሚያይ ሰው ከሌለ አንድ መስመር አልነካም። ሰዓት ያጎደልኩት በወንድሜ ላይ ነው።»

እጥበት የሚሄድ ወንድም እንዳላት ከመካከላቸው ያወቀ አልነበረም። መስኮቱ ይንኳኳል። ሁሉም ጠረጴዛውን ያያል። ጠበቀችና ላፕቶፑን መዝጋት ጀመረች።

«ቆይ» አለ አለቃዋ።

የሚቀጥለውን ታውቀዋለችና ቀና አላለችም።

«ቆይ፣ አትዝጊው። መነጽሬን ላምጣ።»

ወጥቶ መነጽሩን ይዞ ተመለሰና ወንበሩን ጎትቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ለመደሰት እንኳ ደክሟት ነበር። ላፕቶፑን ትንሽ ወደ እሱ አዞረችለት።