የሐኪሙ የመኪና ቁልፍ

የጥርስ ሐኪሙ፣ ሌባ ጎረቤቱ ቤት በር አጠገብ የተሰቀለ ቁልፍ አንስቶ መኪናውን ይዞ ከተሰወረ ወዲህ፣ የራሱን ቁልፍ የሩዝ ጣሳ ውስጥ መቅበር ጀመረ። አንድ ጠዋት ለሥራ ሊወጣ ሲል እጁን እስከ ክርኑ ቢሰድ ቁልፉ የለም።

«ተዘረፍን!» ብሎ ባንድ እግር ጫማ ወደ ግቢው ሮጠ። መኪናዋ እንደቆመች ናት።

«እኔ ነኝ ያነሳሁት» አለች ሚስቱ። «የት እንደደበቅከው ለወንድምህ በስልክ ስትነግረው ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶሃል።»

«ታዲያ አሁን የት ነው?»

«እሱንማ አልነግርህም፤ አፍህ አያርፍም። ይልቅ ዞር በል።»

ቢያኮርፍም ሰዓቱ ሄዶበታል፤ ከነከረቫቱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሚስቱ ሆን ብላ ሦስት መሳቢያ ከፍታ ዘጋችና ቁልፉን መዳፉ ላይ አኖረችለት። ከዚያን ቀን ወዲህ ቁርሱን እንደጨረሰ፣ ማንም ሳያዝዘው ሄዶ ግድግዳው ፊት ይቆማል።