በአደባባይ የፈነዳው ሌንስ

ልጆቼ፣ ገበታ ላይ ያላችሁ ካላችሁ በልታችሁ ስትጨርሱ አንብቡት። እኔ ይኸው ስንት ዘመን አልፎ እንኳን፣ ሳስበው ምራቄ አፌ ውስጥ ይለወጣል።

ነገሩን የጀመረችው የእህቴ ልጅ ናት። ገና ጨቅላ ሳለች እናቷ ስላረፈች ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ እትዬ ትለኛለች፣ ልጄ እላታለሁ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ስፌት ቤት ነው፤ ብዙ ሴቶች በተርታ ተቀምጠን ሸሚዝና ዩኒፎርም የምንሰፋበት ቤት። ስፌት ዓይን ይበላል። ለቅርቡ አንድ መነጽር፣ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ሲጣራ ደግሞ ሌላ መነጽር፤ አንዱን ግንባራችን ላይ ሰቅለን፣ ሌላውን አፍንጫችን ላይ አስቀምጠን እንውል ነበር። ጨርቅ የሚቆርጡት ወንዶች "ባለ አራት ዓይኖች" ይሉናል። ልጄ ይህን እያየች አደገች፤ ፊዚክስ ተማረችና አንድ ቀን፣

"እትዬ፣ አንድ መነጽር ሁለቱንም ሥራ ቢሠራልሽስ?" አለችኝ።

ሐሳቧ ለእኔ እንኳን የሚገባ ነው። በመስታወት ፋንታ ብርሃን የሚያሳልፉ ሁለት ቀጫጭን ሽፋኖች፣ በመካከላቸው ፈሳሽ። በመነጽሩ ክንድ ላይ ትንሽ ቁልፍ አለች። ስታዞሯት ፈሳሹ ተገፍቶ ይገባል፣ ሽፋኑ እንደ ጠገበ ሆድ ይነፋል፣ ቅርቡ ጥርት ይላል። መልሳችሁ ስታዞሯት ፈሳሹ ይሸሻል፣ ሽፋኑ ይተኛል፣ ሩቁ ይታያል። በቃ፣ ይኸው ነው። ለማለት ቀላል፣ ለመሥራት ግን ስንት ጊዜ አልቅሳበታለች።

አብሯት የተማረ አንድ ጓደኛ ነበራት። እሷ ትሠራለች፣ እሱ ሰው ያነጋግራል። እኔና የስፌት ቤቱ ሴቶች "ሽቶው" እንለው ነበር፤ እሱ ከበር ሳይደርስ ሽታው ገብቶ ይቀመጣላ! እጁ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፤ ሰላም ብሎኝ ዞር ሲል እጄን በቀሚሴ እጠርጋለሁ። ወረቀት ሊገልጥ ጣቱን በምላሱ ያርሳል፣ በዚያው ጣት ደግሞ ሌንሱን ይነካካል። ልጄ ቀስ ብላ በጨርቅ ትወለውለዋለች፤ አንድም ቀን አልተናገረችውም። "እናቴ" ሲለኝ እኔም "ወዬ" እላለሁ፤ ከገበታችን ይበላ ነበር። ሰው እኮ የሚጠላውንም ነገር ይለምደዋል።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሁለቱም ስፌት ቤት መጡ። የመጀመሪያው መነጽር ተሠርቶ አልቋል፤ ሴቶቹ ይሞክሩት ብላ ነው ይዛው የመጣችው። ንጹህ ውሃ ብቻውን ብርሃኑን እንደፈለገችው አልሰበረላትም፤ ስለዚህ ስኳርና የሚያወፍር ዱቄት በጥብጣበታለች። መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው ሰንብቷል። የኛ ቤት ደግሞ በካውያው እንፋሎት ታፍኗል፤ ሙቀት ነው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ደንበኞች ይገባሉ ይወጣሉ። ልጄ ደስታዋ! ለሴቶቹ ሁሉ "ይሄ ሽፋን ነው፣ ይሄ የፈሳሹ ከረጢት ነው፣ ቁልፉ እንዲህ ይገፋዋል" እያለች አንድ በአንድ አሳየቻቸው። ከዚያ ለእኔ አጠለቀችልኝ።

"ቁልፉን አዙሪው እትዬ።"

አዞርኩት። የሸሚዝ አዝራር ቀዳዳ ጎልቶ፣ ገዝፎ መጣልኝ። "እናንተ! ክሩ ሁሉ ይቆጠራል!" ብዬ ጮኽኩ፤ ጉዴ የፈላው እዚያ ላይ ነው፤ አፌ ክፍት ነበራ። ፈሳሹ ለካ ሰንብቶ ቦክቷል፣ ውስጡ አየር ቋጥሯል፤ እኔ ስጨምርበት ጠሽ ብሎ ፈነዳ። ዓይኔ ውስጥ ገባ፣ በጉንጬ ወረደ፣ ምላሴ ላይ አረፈ።

መጀመሪያ ይጣፍጣል። ክፋቱ ይኸው ነው፤ ይጣፍጥና ከዚያ በኋላ የሞተች አይጥ ይሆናል። እንደ ንፍጥ ነው፣ አይተፋም፣ ይሳባል። አዝራር የምትተክለው ሴት ሽታው ሲደርሳት፣ ተተኩሰው በተደረደሩት ሸሚዞች ላይ አስመለሰች። አንድ ደንበኛ ልብሱን ትቶ ሮጠ። ከቆራጮቹ አንዱ፣ "ኧረ የባለ አራት ዓይኗ አንዱ ዓይን ፈሰሰ!" ብሎ ሳቀ፤ ወዲያው እሱም አፉን ይዞ ወጣ። ሽቶውስ? በመሐረቡ አፍንጫውን ይዞ በር ላይ ቆሟል። ልጄ እያለቀሰች ፊቴን ስታጥብ፣ አንድ ጠብታ ውሃ እንኳን አላቀበላትም።

ልጄ ግን አልተወችውም። የማይቦካ፣ የማይሸት፣ እንደ ምንጭ የጠራ ዘይት እስክታገኝ ድረስ ቆየች፤ ከዓመት አልፏል። በዚህ መሃል ሽቶው ከቤታችን ጠፋ። ቆይተን ስንሰማ፣ የፈጠራ ባለቤትነት ይሰጠኝ ብሎ ለብቻው፣ በራሱ ስም አመልክቷል። ይገባኛል ያለውን ልጄ አነበበችልኝ፤ "በሽፋን ውስጥ ፈሳሽ የያዘና ጉብጠቱ የሚለዋወጥ ማንኛውም ሌንስ" ይላል። ማንኛውም! የእሷን ብቻ አይደለም፤ ገና ያልተወለደውን ሰው ሐሳብ ጭምር ነው በአንድ ጉርሻ ሊውጥ አፉን የከፈተው።

ተቃውሞ አቀረበች። ቀን ተቆርጦ ፈጠራ የሚመረምረው መሥሪያ ቤት ጠራን፤ እኔ ምስክር ነኝ።

መርማሪው ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ ቀጭን ሰውዬ ነው። ጠረጴዛው ላይ የሽቶው መነጽር ተቀምጧል፤ ወርቅማ ፍሬም አድርጎለታል። መርማሪው አንዴ ቁልፏን ያዞራል፣ አንዴ ወረቀት ላይ ይጽፋል። ለእኔ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና ነገሩን እንዲህ ፈትቶ ነገረን፦

"እናት፣ ሥራው የእርሷ ከሆነና ከተረጋገጠ፣ ማመልከቻው ከእሱ ወደ እርሷ ይዞራል። ማረጋገጫው ደግሞ ስትሠራው ያየ ሰው ነው። ነገር ግን ከማመልከቻው በፊት ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ የሌለበት ሰው አይቶት፣ አሠራሩንም ተረድቶት ከሆነ፣ ሕጉ የሚሰጠው የእፎይታ ጊዜም ስላለፈ፣ ነገሩ አዲስ አይደለም ማለት ነው። አዲስ ያልሆነ ነገር የእሱም የእርሷም አይሆንም። ከእረፍት በኋላ የት እንደታየና ማን እንዳየው እጠይቃለሁ።"

ልጄ ፊቷ አመድ መሰለ። የሠራችው እሷ መሆኗን የሚመሰክሩት እነዚያው ሴቶች ናቸው፣ መብቱን የሚያሳጧትም እነዚያው ሴቶች ናቸው።

ኮሪደር ላይ ሽቶው መጣብን። እንደ ልማዱ ሽታው ቀድሞት።

"እናቴ፣ ናፍቀውኛል እኮ!"

"አንተ ግን አልናፈቅኸኝም።"

ሳቀ። ወደ እሷ ዞረና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስሚኝ። ስፌት ቤቱን ካነሳችሁት ሁለታችንም ባዶ እጃችንን ነው። ቤት ውስጥ ነው የታየው፣ በቤተሰብ ፊት፣ በምስጢር፤ በሉ። እኔም እሷ መጀመሪያ አስባዋለች፣ አብረን ሠርተነዋል እላለሁ። ስማችን ጎን ለጎን ይጻፋል። የስንት ዓመት ድካምሽ ነው፣ እሱን ለአንድ የቦካ ስኳር ብለሽ ትጥይዋለሽ?"

ሲናገር የከንፈሩ ጠርዝ ላይ ነጭ አረፋ ይሰበሰባል፤ በምላሱ መልሶ ይውጠዋል።

ሲሄድ ልጄ ቀና ብላ አላየችኝም። "እትዬ… ቤት ነው ብንልስ?"

"ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች አሉ" አልኳት። ትስቅልኛለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ያን ጊዜ ሆዴ ባባ። እኔ ፊዚክስ አልተማርኩ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሽፋን ስለጥፍ አላደርኩ፤ በሰው ድካም ላይ ምን ብዬ ልፍረድ?

"ልጄ፣ ድካሙ ያንቺ ነው። አንቺ የምትዪውን እኔም እላለሁ። ብቻ አስቢበት፤ አፍ ላይ የቀረ ነገር በውሃ አይለቅም።"

ተመልሰን ገባን። መርማሪው ብዕሩን አነሳ።

"የት ነበር የታየው?"

"ቤት" አለች ልጄ። ድምፅዋ የሷ አይመስልም። "እትዬ ቤት።"

"እነማን ነበሩ?"

"እኔ… እትዬ… ቤተሰብ።"

"ይሄ ሰውስ?"

"ነበርኩ እንጂ" አለ ሽቶው ፈጥኖ። ወንበሩን እየጎተተ ወደ እኛ ጠጋ።

"እርስዎ ቤተሰብ አይደሉም እኮ። ምስጢሩን ሊጠብቁ የሚገባዎት ምናቸው ነዎት?"

እንግዲህ ልጆቼ፣ የሚያጸይፈው የፈነዳው ፈሳሽ መስሎኝ ነበር። ሽቶው ያንን እርጥብ መዳፉን አንስቶ የልጄ እጅ ላይ ጫነው፤ አንገቱን ዘንበል አደረገ፣ እንደ ሙሽራ አፈረ።

"እጮኛዋ ነበርኩ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "አይደል እንዴ እናቴ? ይንገሯቸው እንጂ፤ ከገበታችሁ የበላሁ ልጃችሁ ነኝ።" አልበላም ያለ ሕፃን እንደሚያጎርስ ሰው፣ "ይበሉ፣ ይበሉ" እያለ በአገጩ ይጠቅሰኛል።

ልጄ እጇን ካውያ እንደነካው ሰው መንጭቃ አወጣች። ቀሚሷ ላይ ጠረገችው፤ አንዴ፣ ደግማ፣ ደግማ። ከዚያ ተነስታ ቆመች።

"ጌታዬ፣ ይሰርዙልኝ። ዋሽቻለሁ።"

"ተቀመጪ!" አለ ሽቶው። "አሟታል፣ ደክማለች…"

"አፍህን ዝጋ! አንተን እጮኛዬ ብዬ የማገኘው መብት ይቅርብኝ!" እያለቀሰች ነው የምትናገረው። "ቤት አይደለም። ስፌት ቤት ነው፣ በምሳ ሰዓት፣ በሩ ተከፍቶ። ሁሉም አይተውታል። አሠራሩን አንድ በአንድ ያሳየኋቸው እኔ ነኝ፤ ደስ ብሎኝ። ማንንም ምስጢር ጠብቁ አላልኩም። ይሄም ሰውዬ በሩ ላይ አፍንጫውን ይዞ ቆሞ ነበር።"

መርማሪው የጻፈውን በአንድ መስመር ሰረዘና ወደ እኔ ዞረ።

"እናት፣ በውስጡ ምን እንዳለ፣ እንዴት እንደሚሠራ ያኔ ገብቶዎት ነበር?"

"መግባትማ ገብቶኝ ነበር፣ ጌታዬ" አልኩት። "ቀምሼዋለሁ እኮ።"

ሊስቅ ፈልጎ ከንፈሩን ነከሰ። ታሪኩን ነገርኩት። ኋላም ሴቶቹን ጠራቸው፤ መጥተው ያዩትን ተናገሩ። አዝራር የምትተክለዋ ዛሬም ድረስ በሸሚዞቹ ትቆጫለችና ዘለግ አድርጋ ነው የተናገረችው፣ ማስቆም አልተቻለም።

ውሳኔው ሊነገረን ስንሄድ አካሄዳችን ራሱ ያስታውቅ ነበር። የሽቶው ማመልከቻ ወደቀ፤ ከነማንኛውሙ። የልጄም ጥያቄ አብሮት ወደቀ።

"ሥራው የእርስዎ መሆኑን አምኛለሁ" አላት መርማሪው። "የእኔ ማመን ግን አዲስ አያደርገውም። አዝናለሁ።"

ሽቶው ኮሪደሩ ላይ አልፎን ሲሄድ፣ "ደስ ይበልሽ፣ ሁላችንንም አራቆትሽን" አላት። እሷ ወደ ውጭ ወጣች። ግቢው ውስጥ ከቧንቧው ሥር ቆማ እጇን ታጥባለች። ብዙ ቆየች።

"ይበቃል ልጄ፣ ቆዳሽ ይላጣል።"

"እትዬ፣ ብዬዋለሁ እኮ። ቤት ነው ብያለሁ። ከሱ ጋር አንድ አፍ ሆኜ ነበር።"

"ብለሻል። መልሰሽም ተፍተሽዋል።"

"እሱን ሳይሆን ራሴን ነው የተጸየፍኩት።"

ራስን መጸየፍን በምክር አያጥቡትም። ቧንቧውን ዘጋሁና የቀሚሴን ጫፍ ሰጠኋት፤ ተጠራረገችበት፤ እንደ ሕፃንነቷ ክንዴን ይዛ ወጣን።

አሁን ትሠራዋለች፤ የማንም ያልሆነውን ማን ይከለክላታል? ግን እሱንም የሚከለክለው የለም። ደግሞ የሱ ያምራል፣ ወርቅማ ነው፣ ሱቁም መንገድ ዳር ነው፤ ከሷ ይልቅ የሚሸጥለት እሱ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይሄ ነገር ዛሬም ያቅለሸልሸኛል። ባለፈው አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ሴት ከጎኔ ተቀምጣ የልጇን ካልሲ ትጠግናለች። የሱን መነጽር አድርጋለች፤ ፍሬሙን አውቀዋለሁ። አውልቂው፣ ሰውዬው እንዲህና እንዲያ ነው ልላት አፌ ድረስ መጣ። ቁልፏን በጣቷ ዞር አደረገች፣ ቀና ብላ መውረጃዋን በመስኮት አየች፣ መልሳ አዞረችና ስፌቷን ቀጠለች።

አፌ ላይ የመጣውን ውጬ ፊቴን ወደ ወዲያ አዞርኩ።