በእሷ ቦታ የሚቆም ጋሪ

…ቀዩ ጋሪ ደግሞ አይሆንም፣ ገና በአንድ ጣቷ ገፋ ስታደርገው ሲጥ ሲጥ ይላል፣ እሷ በዚያ ሁሉ ዘመን ባሏ አጠገብ ቆማ አንድ ቀን ሲጥ ብላ አታውቅም፣ ወገቧ ሲቆረጥ ዝም፣ እግሯ ሲያብጥ ዝም፣ ታዲያ አሁን በእሷ ቦታ የሚያማርር ቆርቆሮ ልታቆም ነው፣ ይቅር፣ ቀዩ ይቅር። ሰማያዊውስ። ሰማያዊው መሳቢያ በመሳቢያ ነው፣ ሲስቡት በቀስታ ይወጣል ሲገፉት በቀስታ ይገባል፣ አማቶቿ ፊት እንደተቀመጠች ሙሽራ ቁጥብ ነው፣ የተለጠፈበትን ዋጋ ታይና ዓይኗን ወደ ጣሪያው ትሰቅላለች፣ ጨዋነት እንዲህ ተወደደ እንዴ። ጥግ ላይ ያለው አመድማ ደግሞ ሁለት መደርደሪያ ብቻ፣ መሳቢያ የለው ክዳን የለው፣ ግን ጀግናው የሚል ስም ጠርዙ ላይ በትልቁ ተለጥፎበታል፣ መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ ማለት ይሄ ነው። ዓይኗ አዋጅ ሆኖባታል።

ባለሱቁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ እግር በእግር ይከተላታል፣ እትዬ ለኩሽና ከሆነ ከወዲያ በኩል ነጫጭ አሉልዎት፣ ለሻይ ማቅረቢያ የሚሆኑ፣ ለጋራዥ ነው ትለዋለች፣ አሃ ለጋራዥ፣ ለባለቤትዎ ነዋ፣ እንግዲያው እሳቸው ቢመጡ አይሻልም፣ ይሄ እኮ የወንድ ዕቃ ነው፣ እሳቸው አይመጡም፣ ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል፣ ኧረ አልበዛባቸውም ትላለች፣ ጎንበስ ብላ የሰማያዊውን ጎማ መመርመር ትጀምራለች። ላስቲክ ነው። ጥሩ ላስቲክ። ሰው ሲሞት ስንት ቦታ ነው ሞተ እያሉ የሚዞሩት፣ ባንክ ቤት፣ ዳቦ ቤት፣ መብራት የከፈሉበት መስኮት፣ አሁን ደግሞ ጋሪ መሸጫ፣ እሱ እኮ አንዴ ነው የሞተው፣ እሷ ናት በየሄደችበት የምትቀብረው።

ከመኪናው ሥር የሚተኛው እሱ ነበር፣ አጠገቡ የምትቆመው እሷ። ጋራዡ ከመኝታ ቤታቸው ጋር ግድግዳ ይጋራል፣ ጠዋት ሻይ ጠጥተው አንዱን በር ዘግተው ሌላውን ይከፍቱና ሥራ ገቡ ይባላል፣ እሱ ጀርባው ላይ ተንሸራቶ ይገባል፣ የሚታየው እጁ ብቻ ነው። ስም አይጠራም፣ ቁጥር አይጠራም፣ ጥርሱ መሃል ሁልጊዜ የነከሰው ቡሎን አለ፣ የሚናገረው እጁ ነው፣ ጣቶቹን አጥብቦ ከዘረጋ ካቻቢቴ፣ መዳፉን ከበለጠጠ መዶሻ፣ አውራ ጣቱን ወደ ውስጥ አጠፍ ካደረገ መፍቻ፣ ሁለት ጣት ካወዛወዘ ጨርቅ። የትኛው መፍቻ እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ ይሏት ነበር ደንበኞቹ፣ እሷ ምን ታውቃለች፣ እጇ ነው የሚያውቀው፣ አንድም ቀን ይሄ አይደለም ብሎ አልመለሰላትም፣ አንድም ቀን ደግሞ አመሰግናለሁ አላላትም። ይሄ ሁለተኛው ይከነክናታል። ዛሬም። ሞቶም።

ከላይ ያለውን ሥራ ተምራዋለች፣ ሞተር ከፍታ ታጸዳለች፣ ቀበቶ ትቀይራለች፣ ሥሩ ግን የእሱ ነበር፣ ገብታበት አታውቅም፣ ከእሱ ወዲህ ደግሞ መኪና የሚያመጣ ጠፋ፣ በሩ ክፍት ነው ሰው ግን ራሱን ነቅንቆ ያልፋል፣ ለቅሶ ቤት እንጂ ጋራዥ አልመስላቸው አለ። የመጣችው አንዲት የሒሳብ መምህር ብቻ ናት፣ የጭስ ማውጫ ማርሚታው የተበጠሰ መኪናዋን እያስጓራች፣ መንደሩ ሁሉ መስኮት ከፍቶ እያያት፣ እትዬ እርስዎ ይሠሩልኛል አይደል አለች፣ አዎ አለቻት፣ ምን ነክቷት ነው አዎ ያለችው። የባሏ ወንድም ይሄን ሲሰማ ራሱን ይዞ ተቀመጠ፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ ፈርቶላት ነው፣ እህቴ ጋራዡን ለጆንያ ነጋዴው እናከራየውና እረፊ፣ አንድ እጅ አያጨበጭብም፣ አንቺ ስታቀብዪ የኖርሽ ሰው ነሽ፣ አሁን ላንቺ ማን ሊያቀብልሽ ነው። ማን ሊያቀብልሽ ነው። ማን። እሺ አለ ደግሞ አይቷት ሲያዝን፣ መንደሩን ያሸበረችውን መኪና ዝም አሰኝተሽ አውጫትና ነጋዴውን በቃ እለዋለሁ፣ ካልሆነ ግን ቁልፉን ትሰጪኛለሽ።

ትናንት ገባች። መኪናውን በክሪክ አንስታ፣ መደገፊያ ብረቶቹን ከአራቱም በኩል አቁማ፣ ካርቶን አንጥፋ ተንሸራተተች፣ የመጀመሪያውን ቡሎን አገኘችው፣ ዝጎ ከአካባቢው ብረት ጋር አንድ ሆኗል፣ እጇን ወደ ውጭ ዘረጋች፣ ሳታስበው፣ አውራ ጣቷን አጥፋ፣ እንደ እሱ፣ እና ጠበቀች። ጠበቀች እኮ። እጇ ክፍቱን ቀረ፣ ከዚያ እየተሳበች ወጥታ መፍቻ አመጣች፣ ልኩ አልነበረም፣ ወጣች፣ ገባች፣ ጨርቅ ረሳች፣ ወጣች፣ የተቆፈረባት አይጥ ሆነች፣ ምሳ ሰዓት ላይ ካርቶኑ ላይ ተቀምጣ ለልጇ ደወለች፣ እማዬ ምን በወጣሽ፣ እኔ ጋ ነይ፣ ክፍሉ ባዶ ነው እኮ፣ አልመጣም፣ ወይ ፍንክች፣ እንግዲያው ባለ ጎማ የመሣሪያ ጋሪ ግዢ፣ ርካሽ ርካሽ አለ፣ አጠገብሽ ይቆምልሻል አለቻት። አጠገብሽ ይቆምልሻል። ልጅቷ ሌላ ማለቷ አልነበረም፣ እሷ ግን ስልኩን ዘግታ ሆዷ ባሳት።

ታዲያ አሁን እዚህ ቆማ ራሷን እየመረጠች ነው። እንዲያ ነው ነገሩ፣ እኔ ስንት መሳቢያ ነበርኩ፣ ክዳን ነበረኝ ወይ፣ እጀታዬ በየትኛው ጎን ነበር። ባለሱቁ ይሄኛው ሲገፋ እንደ ውሃ ነው፣ ያኛው ቁልፍ አለው ይላታል፣ ለቁልፉማ እሷም ነበራት፣ የመሣሪያ ሣጥኑን ቁልፍ አንገቷ ላይ ነበር የምታንጠለጥለው፣ ሰማያዊው ያምራል፣ እውነቱን ለመናገር በጣም ያምራል፣ ለልጅቷ ብትነግራት ግማሹን እኔ እችላለሁ ትላለች፣ ግን የሚያምር ነገር ቆመው ሲያዩት ነው የሚያምረው፣ እሷ ደግሞ ቆማ አትሠራም፣ አሁን ተኝታ ነው የምትሠራው፣ እንዴት እስካሁን አላሰበችውም፣ ጋሪ ከታች ሲያዩት ምኑ ይታያል።

ቦርሳዋን ታስቀምጣለች። የሱቁ ወለል ላይ ትቀመጣለች፣ ከዚያ ጀርባዋን፣ ከዚያ ጭንቅላቷን፣ ወለሉ ይቀዘቅዛል፣ እትዬ! እትዬ ምን ሆኑብኝ፣ ውሃ አምጡ፣ ወደቁ! አልወደቅኩም ትላለች ከታች፣ ተኛሁ እንጂ፣ እዚህ? ታዲያ የት ልተኛ፣ ሰማያዊውን ወደዚህ ግፋልኝ። ሰውየው መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ አውርዶ ይገፋላታል። እጇን ትዘረጋለች፣ የላይኛው መሳቢያ ጋ ይደርሳል፣ ይከፍታል፣ ግን ውስጡን አታይም፣ ከታች ሆኖ የሚታየው የመሳቢያው ሆድ ነው፣ ያ ሁሉ ዋጋ ለሆድ። አመድማውን አምጣው። አመድማው ግልጥልጥ ያለ ነው፣ የታችኛው መደርደሪያ ዓይኗ ትክክል ነው፣ ለማሳያ የተዘረጉበት መፍቻዎች እንደ ጥርስ ይቆጠራሉ፣ በጣቷ ጠርዙን ሳብ ስታደርገው ይመጣል፣ ጎማው ላይ ያለችውን ትንሽ ፍሬን ስትጫን ቀጥ ይላል፣ ሲጥ የለ፣ ማማረር የለ። ይሄ ነው ትላለች፣ ይሄ ርካሹ።

እሺ እትዬ፣ እሺ፣ አሁን ይነሱልኝ ይላል ባለሱቁ፣ ሰው እየተሰበሰበ ነው፣ ሊያነሳት ጎንበስ ብሎ እጁን ይዘረጋላታል። የወንድ እጅ። ክፍት፣ አውራ ጣቱ ወደ ውስጥ አጠፍ ያለ። እሷ አላሰበችም፣ እጇ ነው፣ እጇ ወደ ጎን ሄዶ ከታችኛው መደርደሪያ ላይ የተዘረጉትን መፍቻዎች ዳብሶ አንዱን መርጦ የሰውየው መዳፍ ላይ ጥብቅ አድርጎ ያስቀምጥለታል። ሰውየው መፍቻውን ያያል፣ እሷን ያያል፣ ይሄንንም ይጨምሩልኝ ነው የሚሉት ይላታል፣ በዙሪያው ያሉት ይስቃሉ፣ እሷም ትስቃለች፣ አዎ ትላለች፣ ጨምርልኝ፣ ምን ትበል፣ ባሌ የተነሳ መሰለኝ ትበል።

መንገዱን ሁሉ ትገፋዋለች፣ የጫኝ ወጪ ምን ያደርጋል ጎማ ላለው ነገር፣ አስፋልቱ ላይ ይንገጫገጫል፣ ዳቦ ቤቱ በር ላይ የተቀመጠው ጋጋሪ እትዬ ሕፃን ተገኘ እንዴ ብሎ ይጣራል፣ አዎ፣ ከነስሙ ነው የመጣው፣ ጀግናው ይባላል ትለዋለች፣ ጋጋሪው ጉልበቱን እየመታ ይስቃል፣ እሷ ግን ጥግ ስትታጠፍ እየገፋች ያለችው ባዶ ጋሪ መሆኑ ትዝ ይላታል፣ ሌላ ጊዜ ዕቃ ሲገዙ አንዱ ይሸከማል አንዱ ይነዘንዛል፣ ዛሬ የሚነዘንዝ እንኳ የለም።

እና አሁን ከሥር ናት። ካርቶኑ ላይ። ጋሪው በግራዋ፣ መፍቻዎቹ በተርታ፣ ጨርቁ ከታች፣ ዘይቱ ከጎኑ፣ እጇ ይሄዳል ያገኛል ይመለሳል፣ የዛገው ቡሎን ላይ ዘይት ታንጠባጥባለች፣ ትጠብቃለች፣ ታስጨንቀዋለች፣ ጥርሷን ነክሳ፣ አፏ ውስጥ አዲሱ ቡሎን አለ፣ አመሰግናለሁ በዚህ አፍ እንዴት ይባላል፣ እምቢ ይላል ቡሎኑ፣ እምቢ፣ እምቢ፣ ቀቅ። ዞረ። አዲሱን ማርሚታ በደረቷ ደግፋ ታስገባዋለች፣ ታጠብቃለች፣ ሌላውንም፣ ከዚያ እስቲ አስነሺው ብላ ትጮሃለች፣ ላይ መሪው ጋ የተቀመጠችው የሒሳብ መምህሯ ታስነሳዋለች። እና ምንም። ምንም የለም፣ ስስ ትንፋሽ ብቻ፣ መንደሩ መስኮቱን አይከፍትም፣ የጆንያ ነጋዴው ሌላ ቤት ይፈልግ፣ እሷ ሠራችው፣ ብቻዋን፣ እንዲህ ያለ ቀን እሱ ከሥር ተንሸራቶ ሲወጣ ፊቱ ጥቁር ጥርሱ ነጭ ሆኖ… አጥፊው ትላታለች መምህሯን።

ሞተሩ ሲጠፋ ጸጥ ይላል፣ እሷም አንገቷን ወደ ግራ ታዞራለች። ከታች የሚታየው ይሄ ነው፣ በመኪናው ሆድና በወለሉ መሃል ያለች ቀጭን ብርሃን፣ ብርሃኗ ውስጥ አራት ጥቁር ጎማ። ሌላ ነገር አይገባባትም፣ ፊት የለ፣ ቀሚስ የለ፣ እጅ ሲመጣ ብቻ። ትናንት ባዶ ስለነበር አላየችውም፣ ዛሬ እሷ የምትቆምበት ቦታ ላይ የቆመ ነገር ስላለ ታየ። ጫማ። የፈጣሪ ያለህ፣ ጫማ ነበር የሚገዛላት፣ ደንበኛ በከፈለ ቁጥር፣ ማሰሪያ ያለው፣ ተረከዙ አጠር ያለ፣ አረንጓዴ ጨርቅ ጫማ፣ ምን ዓይነት ሰው ነው ለጋራዥ ቤት አረንጓዴ የሚገዛ፣ አልጋው ሥር ሞልቶ ወደ ቁም ሣጥን አልፏል፣ ሰውዬ አንተ ከቁርጭምጭሚት በላይ ሚስት የለህም ወይ ብላ ስንቴ ጮሃበታለች፣ እሱ ራሱን እያከከ ይስቅ ነበር፣ አልመለሰላትም፣ እሷ ደግሞ አያየኝም ብላ ደምድማ ነው የኖረችው፣ ፀጉሬን ብሠራ አያይ፣ ብከሳ አያይ፣ ለካ ሲያይ ነው የኖረው፣ ጠዋት ገብቶ ማታ እስኪወጣ፣ ከዚች ብርሃን ውስጥ፣ እሷን ብቻ፣ የሚታየውን ያህል፣ እና የሚታየውን አሳመረ።

ናፈቀኝ ትላለች፣ በአፏ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ቃሉን ያወጣችው። ተኝተው ሲያለቅሱ እንባ ወደ ጆሮ ነው የሚሄደው፣ እጇ ግራሶ ስለሆነ አትጠርገውም፣ ይሂድ። እትዬ ጨረሱ እንዴ ትላለች መምህሯ ከላይ፣ ጨርሻለሁ፣ ታዲያ አይወጡም፣ እወጣለሁ ትላለች፣ ዓይኗን ከብርሃኗ ሳትነቅል፣ ቆዪኝ፣ አንድ ጊዜ ቆዪኝ፣