ሰዓቱ ሳይሞላ የተከፈተው ሳህን

የሆስፒታሉ ሠራተኛ ሁሉ የላቦራቶሪ ባለሙያዋን «ማስመሪያ» ይላታል። ከቁስል መግል የወጣውን ባክቴሪያ የላቦራቶሪ ሳህን ላይ ትዘራና፣ መድኃኒት ውስጥ የተነከሩ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች ታስቀምጥበታለች። ሳህኑ ማሞቂያው ውስጥ ካደረ በኋላ፣ በየወረቀቱ ዙሪያ ባክቴሪያው ያልበቀለበትን ክብ በማስመሪያ ትለካለች፤ ክቡ ከሰፋ መድኃኒቱ ይሠራል ማለት ነው። ስሙ የወጣላት ግን በመሣሪያው ብቻ አይደለም፤ ሴትዮዋ ራሷም ንቅንቅ አትልም።

ባለፈው ሳምንት አንድ አናጢ፣ የሚስቱ የኦፕራሲዮን ቁስል አመርቅዞባት፣ በሩ ላይ ቆሞ ለመናት።

«እህቴ፣ እባክሽ ዛሬውኑ ንገሪኝ። እያየኋት ልትሞትብኝ ነው።»

«ባክቴሪያ አማላጅ አያውቅም። አሥራ ስምንት ሰዓት ሳይሞላው ሳህኔ አይከፈትም። ነገ ይምጡ።»

ሰውየው አግዳሚ ወንበር ላይ አደረ። እሷ ቤቷ ገብታ ለጥ ብላ ተኛች።

ቅዳሜ ጠዋት የገዛ እናቷ መግል መጣ። የዳሌዋ ስፌት አመርቅዟል። ሐኪሙ የጀመረላት ጠንካራ መድኃኒት ቁስሉን ቢይዝላትም ኩላሊቷን እየጎዳው ነው፤ ቀለል ያለው የሚሠራ ከሆነ ሊቀይርላት ፈልጓል። ማስመሪያ አንጀቷ አልቻለም። ስምንት ሰዓት እንኳ በቅጡ ሳይሞላው ሳህኑን ከፈተችው። ቀለል ባለው መድኃኒት ዙሪያ ጥርት ያለ ሰፊ ክብ! «ይሠራል» ብላ ጻፈችና ወረቀቱን ራሷ ይዛ ሮጠች። ሐኪሙ የእሷን ልኬት ተጠራጥሮ አያውቅም፤ መድኃኒቱን ቀየረ።

እሁድ ልትጠይቃት ስትሄድ የእናቷ ግንባር ይፋጃል። ቁስል ነው፣ ይበርዳል ብላ ተመለሰች።

ሰኞ ጠዋት ልትጥለው የእናቷን ሳህን ከማሞቂያው አወጣችው። ያ ጥርት ያለ ክብ ውስጡ በጥቃቅን ነጠብጣብ ተሞልቷል። መድኃኒቱን ተቋቁመው ቀስ ብለው የሚያድጉት ባክቴሪያዎች ተራቸውን ጠብቀው ወጥተዋል፤ መድኃኒቱ አይሠራም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። ይቺኛዋ ግን የምትለቅመውም አልቀረላት።

ሐኪሙ የታረመውን ወረቀት አንብቦ ቀና አለ።

«ሁለት ቀን ሙሉ ውሃ ነው የሰጠናት በይኛ» አላት። «የቀድሞውን እመልስላታለሁ። ግን ባክቴሪያው ደሟ ውስጥ ገብቷል፤ ብዙ ተስፋ አታድርጊ።»

ወደ እናቷ አልጋ ስትጠጋ፣ አናጢው ከጎን ካለው አልጋ የዳነች ሚስቱን ደግፎ ያስነሳል።

«እግዜር ይስጥሽ እህቴ» አላት። «ያን ቀን ረግሜሽ ነበር። ለካ ያስጠበቅሽኝ ለእኛው ብለሽ ኖሯል።»

እናትየው በትኩሳት የደረቀ ከንፈሯን አላቀቀች።

«የኔ ልጅ እኮ ናት» አለችው በኩራት። «እኔን ግን አንድ ሌሊት እንኳ አላስጠበቀችኝም።»